ሽለላና የሆላንድ ጊታር



የዛሬው ንግግራችን ዘ ኤክስ ስለሚባለው የሆላንድ የሙዚቃ ቡድን ነው። ቡድኑ የተመሠረተው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህን ቡድን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «ይህስ ጫጫታ እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም። ጊታሮቹ በለሆሳስ የሚደረደሩ አይደሉም፤ ይፋተጋሉ፤ ይደበደባሉ፤ እንደ ብረት ያቃጭላሉ። ነገር ግን ታግሦ ያዳመጠ ሰው ከጫጫታው ሥር ሥርዓት እንዳለ ያስተውላል። አንዱ ጊታር አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማል፤ ሌላው ይመልስለታል፤ ከበሮው ሁለቱን ያስተሳስራል። ቡድኑ ከሌሎች ሕዝቦች ዜማ መማርን ልማዱ ስላደረገ በ2002 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በልዩ ልዩ ስፍራ ተጫውቷል።

እንግዲህ ነገሩ እኛን የሚነካው ከዚህ ላይ ነው። አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ዓ.ም. ተወልደው፣ በክራርና በማሲንቆ ጀምረው፣ ኋላም ሳክስፎን ይዘው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ ታላቅ ባለሙያ ነበሩ። ሽለላ ጀግና ለጦር ሲነሣ የሚያሰማው፣ በምት ያልታሰረ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ የሚሳብ የወኔ ዜማ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ጌታቸው ይህን የሰው ድምፅ ወደ ሳክስፎን አሻገሩት። መሣሪያው በእጃቸው ይፎክር፣ ያጓራ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመድረክም ላይ የአንበሳ ጎፈር ይደፉ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ዘ ኤክስ የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር አቶ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው። መድረኩ ፓራዲሶ የሚባለው፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረው አዳራሽ ነበር። ከዚያ በኋላ እኒህ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ አዛውንት ለሸክላቸው አጃቢ እንዲሆኑላቸው እነዚያኑ ባለጊታሮች መረጡ። በ2006 ዓ.ም. «ሞአ አንበሳ» የተባለው ሥራ ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም.ም ሁለተኛው ተከተለ።

ይህ ጋብቻ ስለምን ሰመረ? ብዙ ጊዜ የሁለት አገር ሙዚቃ ሲደባለቅ አንዱ ወጥ፣ ሌላው ቅመም ሆኖ ይቀራል። እዚህ ግን እንግዶቹ ዜማውን አላለዘቡትም፤ ባለቤቱም ለእንግዳ ጆሮ ሲሉ ሽለላቸውን አላሳጠሩም። ሆላንዶቹ የኢትዮጵያን ዜማ እንዳለ ተማሩ፤ ሳክስፎኑ ሲፎክር የጊታሩ ጩኸት እንደ አጋፋሪ ሳይከለክለው እንደ ጓደኛ ተቀበለው። ሻካራነት በሽለላም ዘንድ ነውር አይደለምና ሁለቱ በባሕርያቸው ተገናኙ።

አቶ ጌታቸው በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጾ ቀርቷል፤ ብዙ የአገራችን ሸላይና ባለማሲንቆ ግን ምንም ሳይቀረጽለት ሙያውን ይዞ ወደ መቃብር ወርዷል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው፣ የባዕድ ጭብጨባ እስኪመጣ ድረስ የራሳችንን ጌጥ ዋጋ ሳንመዝን የምንቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ነገር አደራ እንልሃለን። አንደኛው፣ እንግዳ ድምፅ ስትሰማ ለመፍረድ አትቸኩል፤ ደግመህ ስማው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን፣ በመንደርህ ሽለላን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ካለ፣ ትንፋሹ ሳያልቅ ዛሬውኑ ሄደህ አዳምጠው፤ ድምፁንም ቀርጸህ አስቀምጥ። የሆላንድ ሰዎች ባሕር ተሻግረው የመጡት ይህንኑ ለመስማት ነውና፣ በራችን ላይ ላለነው ለእኛ መንገዱ ሊርቀን አይገባም።