ነጻነት ከደጃችን ሲደርስ



ስለ ነጻነት በተነገረ ጊዜ አስቀድመን የምናስበው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚያው ዕለት ኢጣልያ አዲስ አበባን ይዞ ነበርና፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልክ በአምስተኛው ዓመት ወደ ከተማይቱ ተመልሰው ገቡ። ይህ የአገር ነጻነት ነው። ነገር ግን አገር ነጻ ወጥታ ሳለ፣ ሰው በገዛ ሰፈሩ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ቢሆን፣ ነጻነቱ ገና ከደጁ አልደረሰም።

በዚህ በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እኔም በልጅነቴ የጎረቤታችንን የሸማኔውን ልጅ በአባቱ ሥራ ሰድቤ አስለቅሼዋለሁ። በማግሥቱ እሑድ ነበረና እናቴ ነጠላዬን መስቀለኛ ስታጣፋልኝ፣ «ይህን የሸመነው የማን አባት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ዕለት ያስቀደስሁት በሰደብሁት ልጅ አባት የእጅ ሥራ ተሸፍኜ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አያነጻም፤ ይህ የየራሳችን ሥራ ነው።

እንግዲህ ለእኔ ነጻነት ማለት፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ጋሞው በአንድ ቅጥር ስንቆም፣ ማንም የአባቱን ሙያና የእናቱን ቋንቋ ሳይሸሽግ መቆሙ ነው። እኔ ያን ልጅ ይቅርታ ሳልጠይቀው ቤተ ሰቡ ሰፈሩን ለቀቀ። እናንተ ግን ጎረቤታችሁ ሳይርቅ፣ ዛሬውኑ ደጁን አንኳኩ።