የተጀመረውን ቃል ስለሚፈጽሙ ረዳቶች

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለመምህራን፥ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



በዛሬው የበዓል ቀን ስለ ታላላቅ ነገሮች የሚናገሩ ብዙዎች ስላሉ፥ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ ቁልፍና ከበስተኋላዋ ስለሚደክሙ ረዳቶች ለመናገር መርጫለሁ። ቁልፏም በኮምፒዩተር የፊደል ገበታ ላይ በስተግራ የምትገኘው ታብ የምትባለው ናት።

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ሰው ከዚህ ሥርዓት ጋራ የሚነጋገረው ትእዛዝ እየጻፈ ነው፤ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራምም ሼል ይባላል። እንዲህ በጽሕፈት ማዘዝ ብርቱ ኀይል አለው፤ ነገር ግን አንዲት ፊደል የተሳሳተች እንደ ሆነ ትእዛዙ ከንቱ ይሆናል፥ ወይም ያልታሰበ ነገር ይሠራል። ስለዚህ ሰው ቃሉን ጀምሮ ቀሪውን ሼሉ እንዲጨርስለት የሚያደርግ ዘዴ ተገኘ። ዘዴው አስቀድሞ ቴኔክስ በተባለ ሌላ ሥርዓት ይሠራበት ነበር፤ ኬን ግሪር የተባለ ሰው ዐሳቡን ከዚያ ወስዶ ወደ ዩኒክስ ሼል አስገባው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ባሽ የተባለው ሼል ደግሞ በብራያን ፎክስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ሰውየው የፋይሉን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ጽፎ ታብን ሲመታ፥ ሼሉ በእነዚያ ፊደሎች የሚጀምሩትን ስሞች ይፈልጋል። የተገኘው አንድ ብቻ ከሆነ ይጨርስለታል፤ ብዙ ከሆኑ ሁሉም የሚጋሩትን ያህል ይጨምርና፥ ቁልፉ እንደ ገና ሲመታ ዝርዝራቸውን ያሳየዋል።

ይሁን እንጂ ትእዛዝ ሁሉ የሚፈልገው የፋይል ስም አይደለም። «ሲዲ» የሚፈልገው የማኅደር ስም ብቻ ነው፤ «ኪል» በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም ቁጥር ይጠይቃል፤ «ኤስኤስኤች» ደግሞ የሩቅ ኮምፒዩተር ስም ይሻል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው 2.04ኛው የባሽ ዕትም ጀምሮ፥ ማንኛውም ፕሮግራም ጸሐፊ ለትእዛዙ የሚስማማውን አጨራረስ በራሱ ፈንክሽን ለመጻፍ ቻለ። ሼሉ እስካሁን የተጻፉትን ቃላትና ሰውየው በስንተኛው ቃል ላይ እንዳለ ለፈንክሽኑ ይነግረዋል፤ ፈንክሽኑም መልሱን «ኮምፕሪፕላይ» በሚባል ዝርዝር ውስጥ ያኖራል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲህ ሥራው የሦስት መስመር ሥራ ነው» ይል ይሆናል። ችግሩ ግን ወዲህ ነው። በአንድ ማኅደር ውስጥ «ውጤት» የተባለና «አሮጌ ውጤት» የተባለ ሁለት ፋይሎች አሉ እንበል። ተማሪው አሮጌውን ለመሰረዝ «አርኤም» ብሎ፥ «አሮ» ጽፎ ታብን መታ። ፈንክሽኑ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ምልክት ሳያደርግበት ቢጽፈው፥ «አርኤም» ሁለት ስም አድርጎ ይቈጥረዋል። «አሮጌ» የሚባል ፋይል ስለሌለ ያልፈዋል፤ «ውጤት» የተባለውን፥ ማለት ደኅነኛውን፥ ይሰርዘዋል። «አርኤም» የሰረዘውንም ቅርጫት ውስጥ አያቈይም። ተማሪው ሳይመረምር ያመነው ቁልፍ ሥራውን አጠፋበት ማለት ነው።

ሁለተኛውን ችግር እኛ በቶሎ እናስተውለዋለን። በቀድሞው አጻጻፋችን ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለይ እንደ ነበረ ሁሉ፥ ባሽም ሁለት ነጥብን ከቃል መለያዎች ቈጥሮታል። ነገር ግን በመካከላቸው ሁለት ነጥብ ያለባቸው ስሞች አሉ፤ ለምሳሌ ያህል በፐርል ቋንቋ «ፋይል::ኮፒ» የሚባለው። ሼሉ ይህን ስም ቈራርጦ ስለሚያየው፥ ፈንክሽኑ ሙሉውን ስም ቢመልስ መጀመሪያው ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

እያንዳንዱ ጸሐፊ እነዚህን ችግሮች ለየራሱ ይፍታ ቢባል፥ አንዱ ይፈታል፥ ሌላው ይረሳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2000 ኢያን ማክዶናልድ «ባሽ ኮምፕሊሽን» የተባለውን ስብስብ ጀመረ። በስብስቡ ውስጥ ረዳት ፈንክሽኖች አሉ። አንደኛው በሁለት ነጥብ የተቈረጡትን ቃላት መልሶ ይገጣጥማል፤ ሁለተኛው ከመልሱ ላይ የተደገመውን መጀመሪያ ይቈርጣል፤ ሦስተኛው የፋይል ስሞችን ሰብስቦ፥ ባዶ ቦታቸው በምልክት እንዲጠበቅ ለሼሉ ያስታውቃል፤ አራተኛው ትእዛዙ ስለ ራሱ የሚሰጠውን የእርዳታ ጽሑፍ አንብቦ አማራጮቹን ይለቅማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በዚህ ሥራ ላይ ታየ።

ነገር ግን ብዙዎች የሚደገፉበት ምሰሶ የራሱ ኀላፊነት አለበት። ረዳቱ አንድ ጊዜ ቢታረም የተደገፉት ሁሉ ይታረማሉ፤ አንድ ጊዜ ቢበላሽም ሁሉም ይበላሻሉ። ከዚህም በላይ ፈንክሽኑ የሚሠራው በሰውየው በራሱ ሼል ውስጥ ስለ ሆነ፥ የሚጠቀምባቸውን ስሞች ሁሉ የውስጥ አድርጎ ማወጅ ይገባዋል። ያለዚያ ባለቤቱ ያኖረውን ዋጋ ይለውጥበታል፤ ጨዋ እንግዳ ግን የቤቱን ዕቃ ሳያዛንፍ ገብቶ ይወጣል። ደግሞም ፈጣን መሆን አለበት፤ ጣት ቁልፉ ላይ ሆኖ ይጠብቃልና። ታብ መምታት መጠየቅ እንጂ ማዘዝ ስላልሆነ፥ ረዳቱ ማየት እንጂ አንዳች ነገር መለወጥ አይገባውም። ትክክለኛውን ካላወቀም ዝም ማለቱ የተሳሳተ ቃል ከማቅረብ ይሻላል።

የስብስቡ ጠባቂዎች ይህን ኀላፊነት እንደሚያውቁ አንድ ነገር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 2.12ኛው ዕትም፥ የረዳቶቹ ስሞች ከሌሎች ፈንክሽኖች ስም ጋራ እንዳይጋጩ በአንድ የጋራ መነሻ እንዲጀምሩ አደረጉ፤ የቀድሞዎቹን ስሞች ግን ወዲያው አልሻሩም። ይህም በአሮጌው ስም ተማምኖ የጻፈ ሰው ሥራው በድንገት እንዳይፈርስበት ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ፕሮግራም መጻፍ የምትማሩ ሁሉ ዕውቀታችሁን በታላቅ ፕሮግራም ብቻ አትመዝኑት። ሌላው የሚቸገርበትን አንድ ችግር ፈልጉ፤ በሚገባ ፍቱት፤ ባዶ ቦታ ያለበትን ስምና ሁለት ነጥብ ያለበትን ስም ሰጥታችሁ ፈትኑት፤ ከዚያም ከእናንተ በኋላ የሚመጣው እንዲያነበው በግልጽ ጽፋችሁ አኑሩለት። ታብን የሚመታው ሰው ስማችሁን አያውቅም፤ ፋይሉ ግን በደኅና ይኖርለታል።