ካርድ ክፍሉ ውስጥ ማን ይቀመጣል?

ሐኪም መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ደም ግፊት ያወራል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። እኔ ግን ስለ ቢሮ ሥራ ትምህርት ነው የማወራው፤ ታገሡኝ።

የሐኪም ሥራ የሚጀምረው ካርድ ክፍል ነው። በእኛ አካባቢ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ታካሚዎች በአንድ ቀን ሊመጡ ይችላሉ። የአያት ስም፣ ቀበሌና ዕድሜ ተጠይቆ በደንብ ካልተጻፈ፣ የአንዷ የላቦራቶሪ ውጤት ሌላዋ ካርድ ውስጥ ይገባል። ቀንም አለ። 12/3 ተብሎ የተጻፈው ኅዳር 12 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ማርች 12? ለነፍሰ ጡር ይህ የአራት ወር ልዩነት ነው! እዚያ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ 12ኛን የጨረሰ የቦዲቲ ወይም የሶዶ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ማን አስተማረው?

ድሮ እኮ ትምህርቱ ነበር። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፍቶ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ያወጣ ነበር። ኋላም ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታላላቆቻችን ታይፕና ሒሳብ አያያዝ ተምረዋል። የ1986ቱ ፖሊሲ 11ኛና 12ኛን መሰናዶ አደረገ፤ ሙያው ከ10ኛ በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ። እንግዲህ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው። የቀሩትን ለምን አዘጋጀናቸው?

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ናት፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ለሙያ ቦታ ሰጥቷል።

የእኔ ሐሳብ ኮርሱ ከኮምፒውተር ሳይሆን ከደብዳቤ ይጀምር ነው። ልጁ ቤቱ ወላይትኛ ያወራል፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ቢሮ ሲገባ ደብዳቤው በአማርኛ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ»፣ ግልባጭ። ቀጥሎ መዝገብ ቤት፦ ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ ፋይል ከፍቶ ቁጥር መስጠት፣ ሞዴል 19ን ከሞዴል 22 መለየት። በግዕዝ ፊደል በአሥር ጣት መጻፍም እንዲሁ (በሁለት ጣት የምንለቅመው ብዙ ነን)። ኮምፒውተር የለም፣ መብራት ይጠፋል ትሉኛላችሁ። መዝገብ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው።

ባለጉዳይ መቀበልም ይማሩ። ከዳሞት ጋሌ ገጠር የመጣች እናት «ነገ ነይ» ስትባል የትራንስፖርቷ ብር አለቀ ማለት ነው። ደብዳቤዋን በወላይትኛ የሚያስረዳት ልጅ እንደ ባለሙያ ይቆጠር፤ ለዚህም ማርክ ይሰጠው። የታካሚን ምስጢር ሻይ ቤት የሚያወራ ግን ይውደቅ።

«ልጆቻችንን ጸሐፊ ልታደርጊ ነው?» ያለኝ ወዳጅ አለ። እሱ ራሱ ጸሐፊው የቀረ ቀን ቢሮው አይከፈትም።

የማኔጅመንትና የአካውንቲንግ መምህራን ረቂቁን ብታዩልኝ ደስ ይለኛል። ቢሮ የምትሠሩ ደግሞ ባዶ ፎርሞች አምጡልን፤ ልጆቹ በእውነተኛው ይለማመዱ። የካርድ ክፍሉን ክፍለ ጊዜ እኔ እወስዳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመቸኛል።