ስለ ጸናውና ስለሚሞከረው ዕትም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒውተር ክበብ አባል የተደረገ ንግግር)



 የንግግሬ ርእስ፤ ማንም አይቶ ሊያርመው የሚችል፤ ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፤ የጸናው ዕትምና የሙከራው ዕትም ተለይተው እንዴት እንደሚጠበቁ ነው።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ዓመት ፈተና ሲቃረብ፤ ገና በሙከራ ላይ ያለ ዕትም ማንንም ሳላማክር በክበባችን ኮምፒውተር ላይ ጫንሁ። በማግሥቱ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ፤ የታናናሾቻችንም የሁለት ሳምንት ልምምድ ጠፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእኔ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ የበሰሉት ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉ ለማወቅ ጣርሁ።

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት አስኳል እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ በሁለት ቅርንጫፍ ይመራ ጀመር። እንደ 2.4 ያለው ተጋማሽ ቍጥር ለአገልግሎት የጸና ነበረ፤ እንደ 2.5 ያለው ኢተጋማሽ ቍጥር ግን ለሙከራ ነበረ። ብልህ ገበሬም ያልታወቀ ዘር በማሳው ሁሉ አይዘራም፤ አስቀድሞ በአንድ ጥግ ሞክሮ ያያል እንጂ።

ነገር ግን መለየት ብቻውን አልበቃም። 2.4 እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ወጣ፤ ተከታዩ 2.6 ግን እስከ 2003 መጨረሻ ዘገየ። ይህን ያህል ሊጠብቁ ያልቻሉ አከፋፋዮች፤ ከሙከራው ቅርንጫፍ አዲስ አዲሱን እየወሰዱ በጸናው ላይ ይጨምሩ ነበር። እንዲህም ሆኖ ጸና የተባለው ያልጸናውን ተሸከመ።

ስለዚህ አሠራሩ ተለወጠ። ዛሬ አዲስ ዕትም በዘጠኝ ወይም በዐሥር ሳምንት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ሥራ ይገባል፤ በቀሩት ሳምንታት ግን ስሕተት ማረም ብቻ ነው። ዕትሙ ከወጣም በኋላ፤ ከ2005 ጀምሮ በተያዘው ልማድ፤ ሌሎች ጠባቂዎች እርማት ብቻ እየጨመሩ ይንከባከቡታል። ሕጋቸውም፤ አንድ እርማት አስቀድሞ በዋናው ግንድ ካልገባ ወደ ጸናው ቅርንጫፍ አይገባም የሚል ነው። ይኸውም በጸናው ብቻ የታረመ ስሕተት በሚቀጥለው ዕትም ተመልሶ ብቅ እንዳይል ነው።

እኛም ከዚህ ተምረን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለሙከራ ለይተናል። በእርሱ ላይ ተፈትኖ ያለፈው ሁሉ ሳይዘገይ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል፤ የተማሪዎቹም ሥራ በየሳምንቱ ዓርብ በሌላ ስፍራ ይገለበጣል።

ታናናሾቼ ሆይ፤ መሞከርን ፈርታችሁ አትተዉ። ዳሩ ግን የሙከራችሁን ዋጋ ባልንጀራችሁ እንዲከፍል አታድርጉ።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ እመኛለሁ።