ቁጥሩና ስሙ
(በጫንጮ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ ሱሉልታንና ጫንጮን የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያደርስ የምእመናን መንገድ ነው። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓል ለማክበር ብዙ ሕዝብ በገዳሙ ተሰብስቦ ነበር። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

የነገሩ መነሻ ከሦስት ወር በፊት የሆነው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ለሦስት ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ በጥይት፣ በዱላና በእሳት አለቀ። ከዚያም በኋላ ቅጣቱ ለሠሩት ሥራ መሆኑ ቀርቶ ለሆኑት ሆነ። ወጣቱ ስለ ተማረ፣ አዝማሪውና ጠንቋዩ ወሬ ያዛምታሉ ተብለው፣ መነኩሴው ስለ መነኮሰ ለሞት ታጩ።

ገዳሙ ቦምብ ለጣሉት ተባባሪ ነው ተብሎ ስለ ተፈረደበት፣ የጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች በበዓሉ ሰሞን መነኮሳቱንና እንግዶቹን ያዙ። ግንቦት 13 ቀን ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ወስደው ረሸኗቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዲያቆናቱ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ እንገጫ ላይ ተገደሉ።

ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ሂሳብ ይህ ነው፦ መነኮሳት 297፣ ተባባሪ የተባሉ ምእመናን 23፣ ዲያቆናት 129፤ በድምሩ 449። ይሁን እንጂ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቀው፣ ስፍራውንም መርምረው የደረሱበት ግምት ከ1,423 እስከ 2,033 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ከ974 የማያንስ ሰው ነው። ገዳዩ ገድሎ አልበቃውም፤ የሟቹን ቁጥር የሚወስነውም ራሱ ሆነ።

ጉዳቱ ግን በሬሳ ብዛት ብቻ አይለካም። በቃል ተምሮ በቃል የሚያስተምር ሊቅ ሲገደል ከርሱ ጋር ትምህርት ቤቱ ይሞታል። ደቀ መዝሙሩ አብሮት ሲገደል ደግሞ ወራሽም ይጠፋል። ለበዓል የሄደችው እናት ቀርታ ቤት የጠበቋት ልጆች መቃብሯን እንኳ ሳያውቁ አረጁ።

የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለውን ስምምነት ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ ከሁሉ አስቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ዕለቱም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። ግራዚያኒ ግን በኢትዮጵያ ስለ ፈጸመው ግፍ ለአንድ ቀን እንኳ ፍርድ ፊት ሳይቆም በ1955 እ.ኤ.አ. ሞተ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እውነቱ ግን የወጋው በቴሌግራም መዝግቦ ማስቀመጡ፣ የተወጋውም ሽማግሌዎቹን ሳይጠይቅ መቅበሩ ነው። ስለዚህ ብዕርና መዝገብ በእጁ ያለ የማኅበሩ አባል ሁሉ፣ በየመንደሩ የቀሩትን ቤተሰቦች ጠይቆ ስም በስም ሊጽፍ ይገባዋል። ቁጥሩን ገዳዩ ጽፎታል፤ ስሙን መጻፍ የወገን ዕዳ ነው።