የቆመ መኪና ዋጋ፦ የአንድ ተሽከርካሪ ባለቤቶች በጂቡቲ መስመር



ከቃሊቲ ተነሥቶ በገላንና በዱከም በኩል ወደ ሞጆ የሚወርድ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙ ተሳቢዎችን ሳያይ አያልፍም። ዛሬ የምናገረው ከእነዚህ መካከል የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተሰብ ንብረት ስለሆኑት ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ሾፌር ነው፤ እርሱ ካልነዳም ወንድሙ ወይም የወንድሙ ልጅ ይነዳል። መኪናው የቤተሰቡ ጥሪት፣ የባንክ ዕዳውም መያዣ ነው።

ስለ ጭነት ሲነሣ ክርክሩ ለአንድ ኩንታል ስንት ይከፈላል በሚለው ላይ ይቆማል። ይህ ልማድ ሥር አለው። በደርግ ዘመን የግል መኪኖች በቀጠና ተደራጅተው በመንግሥት ስምሪትና ታሪፍ ይሠሩ ነበር፤ ያ አሠራር ከቀረ በኋላም የሁላችንም ዓይን ከዋጋው አልተነሣም። እኔ ግን የባለ አንዱን መኪና ዕጣ ከታሪፉ ይልቅ የምልልሱ ብዛት ይወስነዋል ባይ ነኝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጂቡቲ የሚያደርሰው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መኪና ደርሶ ለመመለስ ከነማራገፉ 10 ቀን ቢፈጅበት በወር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በወደብ ተራ በመጠበቅ፣ በጉምሩክ ሰነድና በማራገፊያ ሰልፍ ምክንያት 15 ቀን ቢፈጅበት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ይሆናል። የባንኩ ክፍያ፣ ኢንሹራንሱ፣ የረዳቱ ደመወዝ አይቀነሱም። ከገቢው ሲሶው የሄደው ታሪፉ በአንድ ሳንቲም እንኳ ሳይነካ ነው።

በዚህ ላይ የባዶ ጉዞ አለ። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ቡናውና የቅባት እህሉም በወቅት የተወሰነ ስለሆነ፣ አብዛኛው መኪና ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ የመልስ ጭነቱ የሁለት መንገድ ነዳጅ ይሸከማል። ማዳበሪያ ወደብ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ስምሪቱ ለእርሱ ቅድሚያ ይሰጣል። ለገበሬው ተገቢ ነው፤ ዘር ወቅቱን አይጠብቅም። ሆኖም ከረጢቱ በሚራገፍበት መጋዘን ደጃፍ ቀናት የሚያድረው ባለ መኪና ለዚያ አዳር የሚከፍለው የለም።

ብዙ መኪኖች ያሉት ድርጅት ግን ይህን ሁሉ ይችለዋል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይሠራል፤ ከአስመጪው ጋርም በቀጥታ ይዋዋላል። ባለ አንዱ መኪና ጭነት የሚያገኘው በማኅበሩ ተራ ወይም በደላላ በኩል ነው። ደላላን መውቀስ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጭነቱ የት እንዳለ የሚያውቀው እርሱ ብቻ እስከ ሆነ ድረስ ድርሻውን መውሰዱ አያስገርምም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ጎማና መለዋወጫ የብር ዋጋው አሻቅቧል። በአፋር ሙቀት የሚነዳ ጎማ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ቆጣቢው ባለቤት ያረጀውን እያስለበጠ አንድ ምልልስ ይጨምርበታል፤ አደጋው የሚጸነሰውም በዚያች ምልልስ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የባቡር መስመር የጭነት መኪናን ያጠፋል የሚል ስጋት ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ባቡሩ ኮንቴይነሩን እንዶዴ ወይም ሞጆ ያደርሳል፤ ከዚያ እስከ ፋብሪካው በር የሚወስደው መኪና ነው። ባለቤቱ ማታ ቤቱ የሚገባበት አጭር ጉዞ በስሌት ከተያዘ የተሻለ ኑሮ ሊያስገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ በአጭር ጉዞ መጠበቅ ይበልጥ ይጎዳል፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ለመሥራት ቀኑን ሙሉ የተሰለፈ መኪና ከስሯል።

ስለዚህ ማኅበራቱ ታሪፍ ይጨመር ከማለታቸው በፊት አንድ ነገር ቢያስቀድሙ እመክራለሁ። በእያንዳንዱ የጭነት ውል ላይ ነጻ የመጠበቂያ ሰዓት ይወሰን፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፈለው ገንዘብ በቁጥር ይጻፍ። መኪናው የደረሰበትንና የወጣበትን ሰዓት አስረካቢውም ተረካቢውም ይፈርሙበት። ኮንቴይነሩ በጊዜው ካልተመለሰ የመርከብ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ቀን ያስከፍላል፤ ያንኑ ኮንቴይነር የተሸከመው መኪና ግን በነጻ ይቆማል። አስመጪው ለብረት ሣጥኑ መዘግየት የሚከፍል ከሆነ ለመኪናውና ለሾፌሩ የማይከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።