በምድር ቤት ውስጥ ሶኬት ስለ መጨመር
(በሳንሱሲ ለሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በምድር ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሶኬት ስለ መጨመር ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። እኛም ትንሽ መስሎን ነበር። ከፊታችሁ የቆምነው የሌላ ሰው ስሕተት ልንነግራችሁ ሳይሆን የራሳችንን ልንነግራችሁ ነው።

እኛ 4 ዘማች ተማሪዎች ወደዚህ የመጣነው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። የማታው ትምህርት የሚሰጠው በአንዲት እናት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ የተሠራው ተዳፋት ላይ በመሆኑ ከመንገዱ ሲያዩት ተራ ቤት ነው፤ በጓሮ በኩል ወርደው ሲያዩት ግን ከሥሩ ሌላ ክፍል አለው። ቀድሞ ከሰልና እንጨት ይቀመጥበት ነበር። በክረምት ግድግዳው ያልባል፣ ወለሉም አይደርቅም። ከጣራው የተንጠለጠለ አንድ አምፖል እንጂ ሶኬት የሚባል ነገር አልነበረውም።

ተማሪው ከሥራ ሲመጣ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ይፈልጋል። ሻይም ቢፈላ ደግ ነው። የቤቱ እመቤት ደግሞ፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ሶኬት ቢኖርማ ምጣዴን አውርጄ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጥ ነበር» አሉን። ከእኛ መካከል አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ሒሳብ አያያዝ፣ ሁለቱ እርሻ ነው የሚያጠኑት። ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «አላውቅም» ማለት ይከብደዋል። «ምን ችግር አለ እትዬ፣ በግማሽ ቀን እንጨርሰዋለን» አልናቸው።

በእውነትም በግማሽ ቀን ጨረስነው። ሽቦና ሶኬት ገዛን፣ ከአምፖሉ መስመር ላይ ቀጠልን፣ መቀጠያውን በናስትሮ ጠቀለልን፣ ሶኬቱንም ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን መታነው። በሶኬቱ ጎንና ጎን ሁለት የብረት ምላሶች አሉ። ምን እንደሆኑ አላወቅንም፤ ለጌጥ መስለውን ነበር። ሳን ሱሲ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። እኛም ያን ዕለት ያለ ምንም ሐሳብ ነበር የሠራነው።

ስልክ ቻርጅ ተደረገ፣ ተመሰገንን። በነሐሴ ግን እትዬ ምጣዳቸውን አወረዱ። በመጀመሪያው ቀን የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ «አዲስ ስለሆነ ነው» አልናቸው። (ይህን ያለው ከአራታችን የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።) በሦስተኛው ቀን ስፒናው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣበቀ። እትዬ እንዳይቃጠል ብለው ምጣዱን ሳብ ሲያደርጉ ኤሌክትሪኩ ከጣታቸው እስከ ትከሻቸው ነዘራቸው። የጎማ ጫማ ባያደርጉ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ወለሉ እርጥብ ነበር። አንዲት ተማሪ ሮጣ የላይኛውን ቤት መብራት ከቆጣሪው አጠገብ አጠፋችው።

እትዬ አልተቆጡንም። «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ደኅና ነኝ» አሉን። ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ወደ ምድር ቤቱ አልወረዱም፤ ሌሎቹም ተማሪዎች አልመጡም። ከዚያ ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ የሄድነው። ጋሼ መጥተው ገና ሶኬቱን ሳያዩ ወደ ላይ ወጡና ከቆጣሪው ጀመሩ። «እናንተ ልጆች፣ ሶኬት እኮ ከግድግዳው አይጀምርም» አሉን። ፊውዙን ሲከፍቱት ቀድሞ ተቃጥሎ በወፍራም የመዳብ ክር ታስሯል። ፊውዝ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም እንዲቃጠልና ኤሌክትሪኩን እንዲቆርጥ የተሠራ ነው። በወፍራም ክር ሲታሰር ግን እሱ አይቃጠልም፣ ቤቱ ነው የሚቃጠለው።

ከዚያ ጋሼ ጥቁር ሰሌዳችንን አዩና «ማካፈል አስተምራችኋቸዋል?» ብለው ጠየቁን። በአገራችን ኤሌክትሪክ ወደ ተራ መኖሪያ ቤት የሚገባው በ220 ቮልት ነው። የእትዬ ምጣድ ላይ 3,500 ዋት የሚል ተጽፏል። ዋቱን በቮልቱ ስናካፍለው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ብዛት፣ ማለትም አምፔሩን፣ ይሰጠናል። እትዬን ለምነን አወረድናቸው። ሐምሌ ላይ ቁጥር ያነቡ ነበር እንጂ ማካፈል አያውቁም። ጠመኔውን ይዘው ቀስ ብለው ሠሩትና «16 ሊሞላ ትንሽ ቀረው» አሉ። ቀጥለውም እኛ ከመግዛታችን በፊት ልንጠይቀው ይገባን የነበረውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ታዲያ የእናንተ ሽቦ ስንት ይችል ነበር?»

የመብራቱ ሽቦ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። እንዲህ ያለው የመብራት መስመር ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው በ10 አምፔር ብሬከር ነው። እኛ 16 ጫንበት። ሻይ ማፍያው 2,000 ዋት ስለሆነ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሁለቱ አብረው ቢሰኩ 25 ሊደርስ ነው። የቆቃ ኀይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር፤ እንደ እትዬ ያለ ምጣድ ሲቆጠር 12,300 ያህል ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ይኸም ወደ 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ምጣድ ይሆናል። ተማሪዎቹ ይህን ስሌት በጣም ወደዱት። ነገር ግን ያ ሁሉ ኀይል ሳንሱሲ ድረስ ቢመጣ እንኳ እኛ በቀጠልነው ቀጭን ሽቦ አንዱን ምጣድ ያለ ጉዳት ማስኬድ አይቻልም።

ጋሼ ሥራውን በሁለት ቀን ሠሩ። እኛ ተላላኪ ሆንን። በመጀመሪያ ዋናውን አጥፍተው፣ ጠፍቷል ብለው ሳያምኑ በተስተር እየነኩ አረጋገጡ። የታሰረውን ፊውዝ አውጥተው በብሬከር ተኩ። ለምጣዱ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ብሬከር አወጡለት። ለስልክና ለሻይ ደግሞ በ2.5 ሽቦ ሌላ መስመር ዘረጉ፤ ብሬከሩም 16 አምፔር ነው። ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፉት። ሶኬቶቹን ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ አደረጓቸው፤ በወንዙ በኩል ባለው በሚያልበው ግድግዳ ላይ ግን አንድም አላደረጉም። እትዬ «እዚያ ማዶስ?» ቢሏቸው «እሱ ለብቻው ውሃ እየጠጣ ነው፣ ተዪው» አሉ።

እነዚያ ለጌጥ የመሰሉን የብረት ምላሶች የመሬት መስመር መያዣዎች ናቸው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ከእነሱ ተነሥቶ ጓሮ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይያያዛል። ምጣዱ ውስጡ ተበላሽቶ ብረቱ ላይ ኤሌክትሪክ ቢወጣ በሰው አካል ሳይሆን በዚያ ሽቦ እንዲሄድ ነው። ብሬከር ሽቦን ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። ሰውን ለመግደል የ1 አምፔር አሥረኛ እጅ ይበቃል፤ 16 አምፔር የሚጠብቅ ብሬከር ይህን አይሰማውም። ስለዚህ ጋሼ ሌላ መሣሪያ ጨመሩ፤ ነጋዴዎቹ አር ሲ ዲ ይሉታል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል፣ ማለትም የ1 አምፔር ከመቶ 3 እጅ፣ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ወዲያው ይቆርጣል። በላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ እየተጫኑ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ ከአራታችን ኪስ ነው የወጣው፣ መውጣትም ነበረበት።

ከመካከላችሁ ምድር ቤት ወይም የጓሮ ክፍል ያለው፣ ሶኬትም መጨመር የሚያስብ ካለ፣ ሽቦ ከመግዛቱ በፊት የሚሰካውን ዕቃ ዋት ጽፎ ያካፍል፤ ወረቀቱንም ይዞ ወደ ባለሙያ ይሂድ። ቆጣሪውንና ማኅተሙን ማንም አይንካ፤ ጭነቱ ቆጣሪው ከሚችለው በላይ ከሆነ ማመልከት የሚገባው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ የጥሪ ቁጥሩ 905 ነው። እሳት ከተነሣ ውሃ አይደፋበትም፤ ከተቻለ ዋናውን አጥፍቶ፣ ካልተቻለ ወጥቶ 939 መደወል ነው። የተነዘረን ሰውም ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ በባዶ እጅ መያዝ ሁለተኛ ተጎጂ ማብዛት ነው።

አሁን እትዬ በሳምንት ሦስት ቀን ይጋግራሉ፤ በእነዚያ ቀናት ትምህርት የምንጀምረው እሳቸው ምጣዱን ከነቀሉ በኋላ ነው። የቀለጠውን ሶኬት በሚስማር ሰቅለነዋል። ከአዲሱ ሶኬት በላይ ደግሞ እትዬ በጠመኔ «ለምጣድ ብቻ» ብለው በራሳቸው እጅ ጽፈዋል። «ጣ» ትንሽ ተዛንፋለች፣ ግን ይነበባል።